የፊተኛውና የኋለኛው ምርጫ በኒው ሃምፕሻየር ግዛት

ሰው ከኹለት አንዱን ምረጥ በተባለ ጊዜ ሙሉ ነጻነት የተሰጠው ይመስለዋል። ነገር ግን ኹለቱን አስቀድሞ መርጦ በፊቱ ያቆመለት ማን እንደ ኾነ ካልጠየቀ ነጻነቱ ጎዶሎ ነው፤ ለምርጫ የሚቀርቡትን የሚለይ ሰው ከመራጩ ቀድሞ መርጧልና። የአሜሪካ ሕዝብ ይህን ነገር ከብዙ ዘመን በኋላ ተረድቶ የፕሬዚዳንቱን ምርጫ ለኹለት ከፈለው፤ በፊተኛው ምርጫ እያንዳንዱ ፓርቲ ዕጩውን ይለያል፥ በኋለኛው ምርጫ ሕዝቡ ከዕጩዎቹ መካከል ፕሬዚዳንቱን ይመርጣል። የፊተኛውን ምርጫ በአገሩ ቋንቋ ፕራይመሪ ይሉታል። የዚህ ሥራት ጥቅሙም ጕድለቱም በአንዲት ትንሽ ግዛት፥ በኒው ሃምፕሻየር ታሪክ ተገልጦ ይታያል። በዚህ ጽሑፍ የሚነገረው ቀንና ዘመን ኹሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ኒው ሃምፕሻየር በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ከካናዳ ወሰን አጠገብ የምትገኝ ተራራማ አገር ናት። ክረምቷ ረዥም ነው፥ በረዶዋም ብዙ ነው፤ ምድሯ ዐለት ስለሚበዛበት ሰዎች የግራናይት ግዛት እያሉ ይጠሯታል። የመንግሥቷ መቀመጫ ኮንኮርድ ነው፤ በሰው ብዛት የሚበልጠው ከተማ ግን ማንቸስተር ነው። በ2020 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ነዋሪዋ 1,377,529 ነበረ፤ ይህም ከመላው የአሜሪካ ሕዝብ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ኾኖም ይህች ትንሽ ግዛት ለታችኛው ምክር ቤቷ 400 እንደራሴዎችን ትመርጣለች፤ ደመወዛቸውም ለዓመት 100 ዶላር ብቻ ነው። ስለዚህ በዚያ አገር እንደራሴ ማለት በሩቅ የሚታይ ሹም ሳይኾን በገበያና በመንገድ የሚገናኙት ጎረቤት ነው። ለሥልጣን የሚወዳደር ሰው ወደዚያ በመጣ ጊዜ ሕዝቡ በቅርብ ኾኖ ሊጠይቀውና ሊመረምረው የሚወደው ከዚህ ልማድ የተነሣ ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት የፕሬዚዳንቱን ዕጩ የሚለየው የየፓርቲው ጉባኤ ነበረ። ወደ ጉባኤው የሚሄዱትን መልእክተኞች የሚልኩት የፓርቲው አለቆች ስለ ነበሩ ምክሩ በጓዳ ያልቃል፥ ለሕዝቡ የሚደርሰው ያለቀለት ነገር ነበረ። በ20ኛው መቶ ዓመት መዠመሪያ ይህን ልማድ የሚነቅፉ ሰዎች በዙ፤ የዕጩውም ነገር ለሕዝብ ይሰጥ እያሉ በብዙ ግዛቶች ሕግ አወጡ። ኒው ሃምፕሻየርም በ1913 ሕጉን አወጣች፥ የመዠመሪያውንም የፊተኛ ምርጫ በማርች 14 ቀን 1916 አደረገች።

ቀኑ የተመረጠበት ምክንያት የአገሩን ጠባይ ያሳያል። በየዓመቱ በማርች ወር በኹለተኛው ማክሰኞ፥ በረዶው ቀልጦ መንገዱ ጭቃ ሳይኾን፥ የየመንደሩ ሰው በአንድ አዳራሽ ተሰብስቦ ስለ መንገድ፥ ስለ ትምህርት ቤትና ስለ ግብር የመምከር የቈየ ልማድ ነበረው። ሕዝቡን ኹለት ጊዜ ከመጥራት፥ አዳራሹንም ኹለት ጊዜ ከማሞቅ ምርጫው በዚያው ቀን ቢደረግ ገንዘብ ይተርፋል ተባለ። በ1916 ኢንዲያና የምትባለው ግዛት በአንድ ሳምንት ቀድማት ነበረ፤ በ1920 ግን ከእርስዋ የሚቀድም አልተገኘም። ኋላ እንደ ትልቅ ማዕርግ የተቈጠረላት ቀዳሚነት ክብርን በመፈለግ ሳይኾን ለማገዶና ለመብራት በመቈጠብ የተገኘ ነው።

የኋለኛውም ምርጫ በዚያው በ1916 በኖቬምበር ወር ተደረገ፤ ተወዳዳሪዎቹ ፕሬዚዳንት ውድሮ ዊልሰንና ቻርልስ ኢቫንስ ሂዩዝ ነበሩ። በአሜሪካ ሕግ ፕሬዚዳንቱን የሚሾሙት በየግዛቱ የሚመረጡ ወኪል መራጮች ናቸው፤ ኒው ሃምፕሻየር ያን ጊዜም ዛሬም አራት ወኪል መራጮች አሏት፥ በግዛቲቱ በአንድ ድምፅ እንኳ የበለጠ ሰው አራቱን ኹሉ ይወስዳል። ድምፁ በተቈጠረ ጊዜ ዊልሰን 43,781፥ ሂዩዝ 43,725 አገኙ፤ ልዩነቱ 56 ብቻ ነበረ። በግዛቲቱ ያሉት ከተሞችና መንደሮች ከ200 ስለሚበልጡ ይህ ቍጥር ሲከፋፈል ለሦስት መንደር አንድ ሰው እንኳ አይደርስም። 29 ሰዎች ብቻ አሳባቸውን ለውጠው ቢኾን አራቱ ወኪሎች ለሂዩዝ በኾኑ ነበረ። እርግጥ ዊልሰን በጠቅላላው 277 ለ254 ስላሸነፉ ያለ እነዚህ አራት ወኪሎችም ፕሬዚዳንት ከመኾን አይቀሩም ነበረ። ነገር ግን ያገራችን ሰው ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚለው፥ በዚያ ቀን ሃምሳ ስድስት ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ወረቀት ይዘው የአንዲት ግዛትን ፍርድ ተሸክመው ነበረ፤ አንዳቸውም ግን ይህን አላወቁም።

ይህን ሸክም ለመሸከም ፈልገው የተከለከሉ ደግሞ ነበሩ። በ1870 ወይዘሮ ማሪላ ሪከር የሚባሉ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ዶቨር በሚባለው ከተማ ወደ ምርጫው ስፍራ ሄደው ግብር ከፋይ ነኝና ድምፄን ልስጥ ብለው ጠየቁ፤ ሴት ስለ ኾኑ ተከለከሉ። ወይዘሮ ሪከር ግን ተስፋ አልቈረጡም፤ ሕግ ተምረው ጠበቃ ኾኑ፥ በ1890ም በኒው ሃምፕሻየር ሴቶች በጠበቃነት እንዲቆሙ አስፈቀዱ። ኒው ሃምፕሻየር ከግዛቶች ኹሉ ቀድማ ዕጩ በለየችበት በማርች 1920 ሴቶቿ ገና ከምርጫው ውጭ ነበሩ። የሴቶችን የመምረጥ መብት የሚያጸናው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በኦገስት 1920 ስለ ጸደቀ ሴቶቹ በኖቬምበር በተደረገው በኋለኛው ምርጫ ገቡ። ስለዚህ በዚያ ዓመት ሴቶቹ ሌሎች ለይተው ካቆሙላቸው ዕጩዎች መካከል መረጡ እንጂ በመለየቱ ሥራ ዕድል አልነበራቸውም። ወይዘሮ ሪከርም ከኀምሳ ዓመት ጥረት በኋላ ያን ምርጫ ለማየት በቁ፤ ምርጫው በተደረገ በዐሥረኛው ቀን፥ በኖቬምበር 12 ቀን 1920፥ በ80 ዓመታቸው ዐረፉ።

እስከ 1948 ድረስ በፊተኛው ምርጫ ሕዝቡ ድምፁን የሚሰጠው ለዕጩዎቹ ሳይኾን ወደ ጉባኤ ለሚላኩት መልእክተኞች ነበረ። የመልእክተኞቹን ስምና አሳብ የሚያውቅ ጥቂት ስለ ነበረ ነገሩ ብዙ ሰው አይስብም ነበረ። በ1949 የግዛቲቱ ታችኛ ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ሪቻርድ አፕተን ሕጉ እንዲሻሻልና መራጩ በራሱ በዕጩው ስም ላይ ምልክት እንዲያደርግ አስወሰኑ። ይህ ለውጥ ትንሽ ይመስል ነበረ፤ በ1952 ግን ፍሬው ታየ።

በዚያ ዓመት የሪፑብሊካን ፓርቲ አለቆች አብዛኞቹ የወደዱት የኦሃዮውን ሴናተር ሮበርት ታፍትን ነበረ። ጄኔራል ድዋይት አይዘንሃወር በፓሪስ አጠገብ የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን ጦር አዛዥ ኾነው ተቀምጠው ነበረና ወደ ኒው ሃምፕሻየር አልመጡም፤ ስለ እርሳቸው የደከሙት የግዛቲቱ አገረ ገዥ ሸርማን አዳምስና ወዳጆቻቸው ናቸው። ሴናተር ታፍት በአካል መጥተው ከከተማ ወደ ከተማ ቢዞሩም በማርች 11 ቀን ድምፁ ሲቈጠር አይዘንሃወር 46,661፥ ታፍት 35,838 አገኙ። በዴሞክራቶችም ወገን ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን የፊተኛውን ምርጫ ቀድሞ በአደባባይ አቃልለውት ነበረ። የቴነሲው ሴናተር ኤስቲስ ኪፎቨር ግን በየመንደሩ እየዞሩ የሕዝቡን እጅ እየጨበጡ ሰነበቱ፤ ፍጻሜውም ኪፎቨር 19,800፥ ፕሬዚዳንቱ 15,927 ኾነ። ከዚህ በኋላ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፥ በማርች 29 ቀን፥ ፕሬዚዳንት ትሩማን ዳግመኛ እንደማይወዳደሩ ተናገሩ። አይዘንሃወርም በኖቬምበር አሸንፈው ፕሬዚዳንት ኾኑ።

በዚህ ምርጫ ሌላ የሚያስደንቅ ሕግ አለ፤ መራጩ የሚፈልገው ሰው ስም በወረቀቱ ላይ ባይታተም በገዛ እጁ ጽፎ ሊመርጠው ይችላል። በ1964 ሄንሪ ካቦት ሎጅ በቬትናም በሳይጎን ከተማ አምባሳደር ነበሩ፥ ስማቸውም በወረቀቱ ላይ አልነበረም። ባሪ ጎልድዋተርና ኔልሰን ሮክፌለር በግዛቲቱ ሲከራከሩ የሰነበቱ ቢኾኑም 33,007 ሰዎች የሎጅን ስም በእጃቸው ጽፈው አሸናፊ አደረጓቸው። ነገር ግን የኒው ሃምፕሻየር ድምፅ ሌላውን ግዛት ኹሉ የሚያስር አልነበረም፤ የፓርቲው ዕጩ ኋላ ጎልድዋተር ኾኑ፥ በኖቬምበር ያሸነፉትም የዴሞክራቱ ሊንደን ጆንሰን ናቸው።

ከአራት ዓመት በኋላ የጆንሰንም ተራ ደረሰ። በ1968 የቬትናም ጦርነት ብዙ የአሜሪካ ወጣቶችን እየፈጀ ነበረ፤ ጦርነቱን የሚቃወሙት ሴናተር ዩጂን ማካርቲ ከገዛ ፓርቲያቸው ፕሬዚዳንት ጋር ሊወዳደሩ ተነሡ። የኮሌጅ ተማሪዎች ወደ ኒው ሃምፕሻየር መጡ፤ የአገሩን ሽማግሌዎች እንዳያስቀይሙ ጠጕራቸውን ተቈርጠው ጢማቸውን ተላጭተው በብርድ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ሰበኩ። በማርች 12 ቀን ስማቸው በወረቀቱ ላይ ያልታተመው ፕሬዚዳንት ጆንሰን በእጅ በተጻፈ ስም ከመቶ 49.6፥ ማካርቲ ከመቶ 41.9 አገኙ። በቍጥር ያሸነፉት ፕሬዚዳንቱ ናቸው፤ ነገር ግን በሥልጣን ላይ ያለ ፕሬዚዳንት በገዛ ወገኖቹ ዘንድ ግማሽ ድምፅ እንኳ ካልሞላለት ድሉ ድል አይባልም። ከ24ቱም መልእክተኞች 20ው ለማካርቲ ኾኑ። በማርች 31 ሌሊት ፕሬዚዳንት ጆንሰን ስለ ጦርነቱ ለሕዝብ ሲናገሩ በንግግራቸው ፍጻሜ ዳግመኛ ዕጩ እንደማይኾኑ ገለጡ።

እንግዲህ ይህን የሰማ ሰው የኒው ሃምፕሻየር ምርጫ የሚመጣውን የሚናገር ትንቢት ነው ብሎ እንዳያስብ የሚከተለው ይታሰብ። ከ1952 እስከ 1988 ፕሬዚዳንት የኾነ ሰው ኹሉ በዚያ ግዛት በፊተኛው ምርጫ ያሸነፈ ነበረ። በ1992 ግን ቢል ክሊንተን በፖል ሶንጋስ ተቀድመው ፕሬዚዳንት ኾኑ፤ በ2000 ጆርጅ ቡሽ በጆን ማኬን፥ በ2008 ባራክ ኦባማ በሂላሪ ክሊንተን ተሸንፈው ሳለ ከፍጻሜው ደረሱ፤ በ2020 ጆ ባይደን በዚያ ግዛት አምስተኛ ወጥተው ነበረ። የፊተኛው ምርጫና የኋለኛው ምርጫ በአንድ ሕዝብ መካከል እንኳ እንደማይስማሙ የ2016 ዓመት ይመሰክራል። በዚያ ዓመት በፊተኛው ምርጫ ከሪፑብሊካኖች ዶናልድ ትራምፕ፥ ከዴሞክራቶች በርኒ ሳንደርስ አሸነፉ፤ በኖቬምበር ግን የግዛቲቱን አራት ወኪሎች በ2,736 ድምፅ ብልጫ የወሰዱት ሂላሪ ክሊንተን ናቸው። ለዚህ አንደኛው ምክንያት በየትኛውም ፓርቲ ያልተመዘገበ ሰው በፊተኛው ምርጫ ቀን ከኹለቱ ፓርቲዎች የአንዱን ወረቀት ጠይቆ መምረጥ መቻሉ ነው፤ እንዲህ ያሉ ሰዎች በኒው ሃምፕሻየር ብዙዎች ናቸው፥ ወዴት እንደሚያዘነብሉም አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።

ትንሽነቷም በኋለኛው ምርጫ ዋጋዋን እንዳላሳነሰው የ2000 ዓመት አሳየ። በዚያ ምርጫ ስለ ፍሎሪዳ 537 ድምፅ ዓለም ኹሉ ተናግሯል፤ ስለ ኒው ሃምፕሻየር የተናገረ ግን ጥቂት ነው። በዚያ ጆርጅ ቡሽ 273,559፥ አል ጎር 266,348 አገኙ፤ ልዩነቱ 7,211 ነው። ሦስተኛው ተወዳዳሪ ራልፍ ኔደር 22,198 ድምፅ ወስደው ነበረ፥ ይህም የልዩነቱን ሦስት እጅ ይኾናል። የወኪል መራጮቹ ድምፅ በፍጻሜው 271 ለ266 ነበረ፤ ለማሸነፍ የሚያስፈልገው 270 ነው። እንግዲህ የኒው ሃምፕሻየር አራት ወኪሎች ለጎር ኾነው ቢኾን 270 ይሞላላቸው ነበረ፥ የፍሎሪዳም ክርክር ፍሬ ባላገኘ ነበረ።

ግዛቲቱ ቀዳሚነቷን በቸልታ አልያዘችውም። አዮዋ በስብሰባ ከምታደርገው ምርጫ በስተቀር ሌላ እንዳይቀድማት፥ ፕራይመሪዋ ከሌሎች ግዛቶች ተመሳሳይ ምርጫ ቢያንስ በሰባት ቀን እንዲቀድም ሕግ አወጣች። በዚህ የሚቈጡባት አሉ፤ ክርክራቸውም ቀላል አይደለም። አሜሪካ የብዙ ዘር አገር ስትኾን የኒው ሃምፕሻየር ሰዎች አብዛኞቹ ነጮች ናቸው፤ ትልልቅ ከተሞችም የሏትም፤ ስለዚህ ለመላው አገር ዕጩ የሚያጣራ ወንፊት ኾና እንዴት ትኖራለች ይላሉ። የሚደግፏት ደግሞ በትንሽ አገር ገንዘብ የሌለው ተወዳዳሪ እንኳ በእግሩ ዞሮ ሊሰማ ይችላል፥ በሰፊው አገር ግን የሚሰማው የባለ ገንዘብ ድምፅ ብቻ ነው ብለው ይመልሳሉ። በኹለቱም አነጋገር እውነት አለበት።

ይህ ጠብ በ2024 ገነፈለ። የዴሞክራቶች ፓርቲ መዠመሪያው ምርጫ ጥቍሮች መራጮች በሚበዙባት በደቡብ ካሮላይና እንዲደረግ ወሰነ፤ ኒው ሃምፕሻየር ግን የግዛቲቱን ሕግ ይዛ በጃንዩወሪ 23 ቀን መረጠች። ፕሬዚዳንት ባይደን ስማቸውን ስላላስመዘገቡ ደጋፊዎቻቸው እንደ ጥንቱ ልማድ ስማቸውን በእጅ ጽፈው አሸናፊ አደረጓቸው። በዚያ ሰሞን፥ ምርጫው ሊደረግ ኹለት ቀን ሲቀረው፥ በብዙ ሺሕ በሚቈጠሩ ሰዎች ቤት ስልክ ተደወለ፤ የሚሰማው የባይደንን ድምፅ የሚመስል በመሣሪያ የተሠራ ሐሰተኛ ድምፅ ነበረ፤ ቃሉም ማክሰኞ አትምረጡ፥ ድምፃችኹን ለኖቬምበር አስቀምጡት የሚል ነበረ። ይህን ያደረገውን ሰው የአገሩ የመገናኛ መሥሪያ ቤት በ6 ሚሊዮን ዶላር ቀጣው።

የዚህ ማታለል ጥበቡ እጅግ የሚያስተውል ነው። በፊተኛው ምርጫ የሚመርጥ ሰው ለኋለኛው የሚኾነውን ድምፅ አያጠፋም፤ ኹለቱም የእርሱ ናቸው። አታላዩ ግን የመራጩን ወረቀት አልቀማም፥ በሩንም አልዘጋም፤ ሰውዬው በገዛ ፈቃዱ የፊተኛውን ምርጫ ንቆ በቤቱ እንዲቀር ብቻ መከረው። በ1920 ሴቶቹን ከፊተኛው ምርጫ ያራቃቸው ሕግ ነበረ፤ በ2024 ግን ወንዱንም ሴቱንም ሊያርቅ የሞከረው የተቀነባበረ ቃል ነው። ሕጉ ሲለወጥ በር ይከፈታል፤ ቸልታ የዘጋውን በር ግን ከባለቤቱ በቀር ማንም አይከፍተውም።

በግዛቲቱ ሰሜናዊ ጫፍ በተራሮች መካከል ዲክስቪል ኖች የምትባል አንዲት ትንሽ መንደር አለች። ከ1960 ዠምሮ ነዋሪዎቿ በምርጫው ቀን እኩለ ሌሊት ላይ ተሰብስበው ይመርጣሉ፤ ኹሉም መርጠው በጨረሱ ጊዜ ቈጠራው በደቂቃዎች ያልቃል፥ ወሬውም ሳይነጋ በመላው አገር ይሰማል። በ1960 በኋለኛው ምርጫ ዘጠኝ ሰዎች ነበሩ፤ ዘጠኙም ሪቻርድ ኒክሰንን መረጡ፤ ያሸነፉት ግን ጆን ኬኔዲ ናቸው። በ2024 ስድስት መራጮች ነበሩ፤ በኖቬምበር ሦስቱ ለካማላ ሃሪስ፥ ሦስቱ ለዶናልድ ትራምፕ ሰጡ። ኒው ሃምፕሻየር አራቱን ወኪሎቿን ለሃሪስ ሰጠች፥ በመላው አገር ግን ትራምፕ አሸነፉ።

የስድስት ሰዎች ድምፅ የታላቅ አገርን ነገር እንደማይወስን ስድስቱም ያውቃሉ፤ ኾኖም በእኩለ ሌሊት ከሞቀ አልጋቸው ተነሥተው በብርድ ይወጣሉ። በ1916 የነበሩት ሃምሳ ስድስት ሰዎችም ዋጋቸው የታወቀው ቈጠራው ካለቀ በኋላ ነው። ድምፅ እንደ ዘር ነው፤ የቱ እንደሚበቅል ዘሪው በሚዘራበት ቀን አያውቅም፥ ያልዘራ ሰው ግን እንደማያጭድ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ስለዚህ በኖቬምበር ከኹለት አንዱን ምረጥ ተብሎ ኹለቱንም ያልወደዳቸው ሰው፥ በሚቀርቡለት ላይ ከማጕረምረሙ በፊት፥ ኹለቱ ሲለዩ እኔ የት ነበርኹ ብሎ ራሱን ሊጠይቅ ይገባዋል።